እናቴን ይዤ የ7 ቀን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልንሄድ ነው፣ እንዴት ነው ነገሩ?

የማራኪዋ
ሰላም ለሁላችሁ ከጎንደር ነው የምፅፈው። እህቴ ዳላስ ነው ያለችው፣ እኔና እማዬ ቪዛ ተሰጥቶን ልንጠይቃት ልንሄድ ነው ተመስገን፣ እሷ ደግሞ ሳትነግረን ከጋልቬስተን (እዛው ቴክሳስ ያለ ወደብ ነው) የሚነሳ የ7 ቀን ክሩዝ ቆርጣልን ቁጭ ብላለች፣ ሮአታን (ሆንዱራስ ነው አለችኝ) እና ኮዙሜል (ሜክሲኮ) ደርሶ ይመለሳል። እማዬ 67 አመቷ ነው ደም ግፊት አለባት፣ ውሃ ላይ የሄደችው አንዴ ብቻ ነው፣ ከጎርጎራ በጀልባ ገዳም ልትሳለም፣ ያኔም መንገዱን ሙሉ አቅለሽልሿት ነበር። ጉዞው ደግሞ ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ላይ ነው የዋለው። እሺ ብላለች ግን ማታ ማታ "7 ቀን ባህር ላይ ምን በልቼ ነው" ትለኛለች እና እኔም መልስ የለኝም። ያማል? የፆም ምግብ አለ? ምን እንያዝ?

ቀበሌ18
እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔም እናቴን ከዛው ከጋልቬስተን ወስጃታለሁ። ከጣናው ጀልባ ጋር በፍፁም አታወዳድሪው፣ ሊፍት ያለው ከ10 ፎቅ በላይ ህንፃ በይው፣ ብዙውን ጊዜ መሄዱንም ልብ አትይውም። ግን የመጀመሪያው ሙሉ ቀን መሬት አይታይም፣ የሜክሲኮን ባህረ ሰላጤ ነው የምታቋርጡት፣ ንፋስ ካለ ይወዛወዛል። የሚብሰው ከፊትና ከኋላ ያሉት ክፍሎችና ከላይኛው ፎቅ ነው ስለዚህ እህትሽ መሀል ላይ ዝቅ ያለ ፎቅ ትምረጥ። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከግፊት መድሀኒታቸው ጋር ይሄድ እንደሆነ ሳትነሱ ሀኪም ጠይቂ፣ ዝንጅብልም ያዢ።

ምግቡን በተመለከተ እህትሽ አሁኑኑ "ቪጋን" ብላ ታስመዝግብ፣ "ቬጀቴሪያን" ካለች እንቁላልና ቅቤ ይመጣል። ከዛ የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ አስተናጋጁን በደንብ አስረዱት፣ እኛን የነገውን ሜኑ በዋዜማው እያመጣ ያስመርጠን ነበር። የህንድ ምስር ሲመጣ እናቴ ቀምሳ "ይሄማ የኛው ነው በርበሬው ነው ያነሰ" አለች፣ ከዛ በኋላ አልተቸገረችም። እስከ 9 ሰዓት የሚፆሙ ከሆነም አይጨነቁ ቡፌው ከሰዓት በኋላም አለ። ውሃ ሻይ ቡና ከምግቡ ጋር ነው፣ ለስላሳና መጠጥ ግን ለብቻ ያስከፍላል።

ጎንደሬው_መርከበኛ
መርከብ ላይ 5 አመት ሰርቻለሁ፣ ሀበሻ ሁሌ የሚቸገርበትን ልንገርሽ። ምድጃ ካውያና እጣን አያስገቡም፣ እሳት ስለሚፈሩ ነው፣ ስለዚህ ጀበናውን ዳላስ ተዉት። ቤት የተሰራ ምግብም ብዙ ጊዜ ይከለክላሉ፣ ታሽጎ የተገዛ ቆሎና ሚጥሚጣ ግን ችግር የለውም። ሻንጣችሁን በር ላይ ተቀብለው ክፍላችሁ እስኪያደርሱት ሊመሽ ይችላል እና የእናትሽን መድሀኒትና ፓስፖርት ከእጅሽ እንዳትለዪ። መርከቡ ውስጥ ካሽ አይሰራም፣ በሚሰጧችሁ ካርድ ነው ሁሉም፣ ቲፕም በቀን በሰው ወደ 16 ዶላርና ከዛ በላይ በራሱ ይቆረጣል፣ እስካሁን ካልተከፈለ እህትሽ ቀድማ ትክፈለው። ሀኪም አለ ግን ውድ ነው፣ ግፊት ላለበት ሰው ኢንሹራንስ ሳይገባ ባይወጣ ነው የምመክረው።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ደግሞ ደክሞናል ብላችሁ እንዳትዘሉት። በ2012 እ.ኤ.አ ኮስታ ኮንኮርዲያ የሚባል መርከብ ጣሊያን ዳርቻ ሲገለበጥ 32 ሰው ሞቷል፣ የዛን ቀን የተሳፈሩት ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። መሰብሰቢያ ቦታችሁን እናትሽን ይዘሽ በእግርሽ ሂጂና አሳዪያቸው። ወደብ ስትወርዱም የመርከቡን ሰዓት ነው የምትከተሉት፣ ከቀረሽ ትቶሽ ይሄዳል። ነሐሴ ማዕበል የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ካፒቴኑ መንገድ ሊቀይር ይችላል፣ ኮዙሜል ቀርቶ ሌላ ወደብ ብትደርሱ አትደናገጡ።

አዘዞ_ሜዳ
ቪዛችሁ ላይ ኤንትሪ የሚለው ስር ኤም (ብዙ ጊዜ መግቢያ) መሆኑን እዩ፣ አንዴ መግቢያ ብቻ ከሆነ ከአሜሪካ ወጥቶ መመለሱ ጣጣ አለው። ሜክሲኮ የሚሰራ የአሜሪካ ቪዛ ካለሽ ሌላ አትጠይቅም፣ ሆንዱራስን ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንዴት እንደሆነ እህትሽ የመርከብ ድርጅቱን በፅሁፍ ትጠይቅና መልሱን ያዙት።

የማራኪዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ቪዛው ኤም ነው አሁን አየሁት። ለእማዬ አነበብኩላት፣ የምስሩ ነገር ደስ አላት። አሁን ደግሞ የፀሎቷ ነገር ሆነ፣ መርከቡ ሲዞር ምስራቁን በምን አውቀዋለሁ አለችኝ።

ቀበሌ18
የኔ እናትም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይሄንኑ ነው። ክፍላችሁ ያለው ቲቪ ላይ መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ አለ፣ ከሱ ታወጪዋለሽ። ውዳሴ ማርያሙንም ቅዳሴውንም ዳላስ እያላችሁ ስልክሽ ላይ ጫኚላቸው፣ ባህር ላይ ኢንተርኔቱ ውድ ነው፣ ስልኩንም ኤሮፕሌን ሞድ አድርጊው አለዚያ ሂሳቡ ይቆጥራል። ጠዋት ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው የለም፣ ነጠላዋን አድርጋ ወጥታ ፀሀይዋ ከባህሩ ስትወጣ እያየች ነበር የምትፀልየው፣ እኔ ወንበር ይዤላት እጠብቃታለሁ።