«እረኛ ልናደርገው ነው?» ልጃችን የእንስሳት እንክብካቤ ይማር ተብለናል

የብቸናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ብቸና እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ክረምቱን ልናሳልፍ ከእንግሊዝ መጥተናል። ጭቃውን እንኳ ተዉት። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። እንግሊዝ እያለን ጠዋት ጫማ ለማስደረግ ብቻ ግማሽ ሰዓት እንታገላለን። እዚህ ግን ገና ሳይነጋ በረቱ ደጃፍ ቆሞ አገኘዋለሁ። በጎቹ ሲወጡም ሲገቡም ይቆጥራቸዋል። ባለፈው ሳምንት «ያቺ ታነክሳለች» አለን። ማናችንም ልብ አላልንም ነበር። እናቴ ሰኮናዋን ብታይ እሾህ ተሰክቷል። «ይሄ ልጅ ከብት ያውቃል» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰችው።

ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ገብቶ አኒማል ኬር ይማር ይላል። ባለቤቴ ግን «እኔ ከእረኝነት አምልጬ ወጥቼ ልጄን መልሼ እረኛ ላድርገው?» ብሎ ተቆጣ። ልጁን ያስገባ ሰው ካለ እስቲ ንገሩኝ።

የደምበጫዋ፦
እህቴ፣ የኔም ባል ይህንኑ ብሎኝ ነበር። ልጄ አሁን 19 ዓመቷ ነው። መማር ይከብዳታል። ኮሌጅ ገብታ ከኢንትሪ ሌቭል (ከመጀመሪያው፣ ከዝቅተኛው ደረጃ) ጀምራ ዘንድሮ ሌቭል 1 ገብታለች። ጠዋት የጥንቸሎቹን ቤት ያጸዳሉ፣ መኖ ይመዝናሉ፣ ዓይንና ጥርስና ጥፍር ያያሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ሂሳብ ሲባል የምታለቅስ ልጅ የመኖ ግራም ላይ አትሳሳትም! የተፈጥሮ ጥበቃው ትምህርት ደጅ ነው። ቁጥቋጦ ይተክላሉ፣ ለወፍ ማደሪያ ሳጥን ይሠራሉ፣ ኩሬ ያጸዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉትን ወይራና ጽድ ማንም እንዳይቆርጥ ሲጠበቁ አይተሽ አድገሻል አይደል? ያው እሱ ነው፣ በወረቀት ሲሆን።

አሁን ዋናው ነገር። ኢኤችሲፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ካውንስሉ የሚያወጣው የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ) አለው? ካለው የኮሌጁ ስም ዕቅዱ ውስጥ ሴክሽን አይ የሚባለው ክፍል ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። ከተጻፈ ሊቀበሉት ይገደዳሉ። የሚያገኘው እርዳታ ደግሞ ሴክሽን ኤፍ ላይ በሰዓት ይቀመጥ። «እንደ አስፈላጊነቱ ይረዳል» ካሉሽ ምንም አልጻፉም። እኛ ላይ እንዲያ ጽፈው አንድ ዓመት ተንገላተናል። ኮሌጅ በሚገባበት ዓመት ዕቅዱ እስከ ማርች 31 ተስተካክሎ ማለቅ አለበት። ትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ዕቅዱ እስከ 25 ዓመቱ ሊዘልቅ ይችላል።

ዕቅዱ ከሌለው ትምህርት ቤቱን አትጠብቂ። ራስሽ ለካውንስሉ (ለአካባቢያችሁ አስተዳደር) «ገምግሙልኝ» ብለሽ ጻፊ። እንገመግማለን ወይም አንገመግምም የሚለውን በ6 ሳምንት፣ ሁሉንም በ20 ሳምንት መጨረስ አለባቸው። እምቢ ቢሉ ይግባኝ አለ። በተግባር ይጎተታል፣ ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሪ።

የእንጅባራው፦
ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ የሚጋልበውንም እረኛ ልንለው ነው? ለማንኛውም አንድ ነገር፦ ልጁ ጩኸት ይረብሸዋል? የኮሌጁ የውሾች ክፍል ሲንጫጫ አይጣል ነው። ስትጎበኙ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት። የእህቴ ልጅ ሽታውን ችሎ ጩኸቱን አልቻለም። ኤሊና እባብ ያሉበት ክፍል ሲያስገቡት ግን ሰው ሆነ። እኔ እባብ አልነካም፣ እሱ ይነካል።

የብቸናዋ ባል፦
ባልየው እኔ ነኝ። ሚስቴ እዚህ እንደከሰሰችኝ አሁን ነው ያየሁት። ከብት አልጠላሁም። የጠላሁት ዝናቡንና የጅቡን ፍርሃት ነው። 8 ዓመቴ ሆኖ አንዲት ጊደር ጠፍታብኝ ሌሊቱን ጫካ ለጫካ ስዞር አድሬያለሁ። ለልጄ ያንን አልመኝለትም። ግን ትናንት ጥጃ ሲወለድ ያ ሰው የማይነካ ልጅ አማቴ አጠገብ ተንበርክኮ በጭድ ሲያብሰው አየሁ። ምንም አላልኩም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ተምሮ ሥራ ያገኛል?

የደምበጫዋ፦
ወንድሜ፣ አልዋሽህም፤ ሥራው ብዙ አይደለም፣ ደመወዙም አይበዛም። ሰፖርትድ ኢንተርንሺፕ የሚባል ግን አለ። ኢኤችሲፒ ላላቸው ከ16 እስከ 24 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ሥራ ቦታ ናቸው፤ ጆብ ኮች (ሥራውን አብሮ ሆኖ የሚያሳይ ሰው) ያግዛቸዋል። ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት የውሻ መጠለያ ጠይቃለች፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

የብቸናዋ ባል፦
እሺ። ለካውንስሉ የሚጻፈው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስንት ገጽ ይበቃል?