ውሻዬ ጎን ላይ የወጣው እብጠት፦ ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰዳት?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። 8 ዓመት የሆናት ድቅል ውሻ አለችኝ፤ የማምከን ቀዶ ጥገና አልተደረገላትም። ከፊት እግሯ ኋላ፣ ጎድኗ ላይ ሽንብራ የሚያክል እብጠት አለ። ለስላሳ ነው፣ ከቆዳዋ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ስነካው አያማትም። ካየሁት 5 ሳምንት ሆነው። አንዱ «ስብ ነው ተይው» ይለኛል፣ ሌላው «አፍርጪው»፣ ሌላው «በጭራ እሰሪው»። ማንን ልስማ?

የእንስሳት ሐኪም፦
እህቴ፣ አታፍርጪው። ማስት ሴል የሚባል የቆዳ ካንሰር አለ፤ ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል እብጠት የሚያመጣ ኬሚካል ያጨቁ ናቸው። ሲጨመቅ ይለቁታል፤ ወዲያው ቀልቶ ይነፋል፣ ሲብስ ያስመልሳታል። ክፋቱ ደግሞ ስብ መምሰል መቻሉ ነው። ዛሬ አብጦ ነገ የሚሟሽሽ እብጠት ካየሽ እሱን ጠርጥሪ።

የምትገልጪው ሊፖማ የምንለውን የስብ እብጠት ይመስላል፤ ዕድሜዋም ቦታውም ይገጥማል። ግን ዳብሶ ብቻ «ስብ ነው» ብሎ የሚምል ሐኪም ካገኘሽ ሌላ ፈልጊ። የሚለየው መርፌ ነው። 22 ወይም 23 ቁጥር መርፌ ወደ እብጠቱ ይገባል፣ ጥቂት ሴል ይዞ ይወጣል፣ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ይረጫል። ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ከክትባት የባሰ ሕመምም የለው። ስብ ከሆነ ስላይዱ ላይ ቅባቱ ያብረቀርቃል፣ ቢጠብቁትም አይደርቅም። ቀለም ሲነከር አልኮሉ ቅባቱን ስለሚያጥበው ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ከመነከሩ በፊት በዓይን ይታይ።

1 ሳንቲሜትር የሞላና አንድ ወር የቆየ እብጠት ሁሉ መርፌ ይገባዋል። የአንቺው ወሩን አልፏል፣ መጠኑም እዚያው ገደማ ነው። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ፤ ለአንቺ የሚቀርብሽ ክሊኒክም ማይክሮስኮፕ ካለው ይበቃል።

የቡቺ እናት፦
ለምን በቃ ቆርጠው አይጥሉትም?

የእንስሳት ሐኪም፦
ስብ ከሆነ መቆረጥ ላያስፈልገው ይችላል፤ ብብት ውስጥ ገብቶ አካሄዷን ካላወከ ይተዋል። ማስት ሴል ከሆነ ግን ከዳርና ዳሩ ጤነኛ ቆዳ ጭምር፣ ብዙ ጊዜ 2 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ፣ መነሳት አለበት። ምንነቱ ሳይታወቅ ጠባብ ተደርጎ ከተቆረጠ ሥሩ ሊቀርና ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ክሊኒክ ረዳት፦
ጭራውን ተይው፤ ደም ሲቋረጥበት ይበሰብሳል፣ ቁስሉ ይመግላል፣ የሚመረመር ናሙናም አይተርፍም። ደግሞ መዥገር አለመሆኑን አረጋግጪ፦ ፀጉሯን በውሃ አርሰሽ ክፈይ፣ ከቆዳው ጋር የተጠጉ እግሮች ካየሽ መዥገር ነው። በወረንጦ ሥሩን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ጋዝና ክብሪት አይሆንም፤ ቆዳዋን ታቃጥያለሽ።

ፎቶ ስታነሺ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጪ፤ «ትንሽ ጨመረ» የሚባለው ነገር ለማንም አይጠቅምም። ስላልመከነች ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳብሺ። የጡት እብጠት ግማሽ ያህሉ ካንሰር ስለሆነ እዚያ ሽንብራ ሳይሆን ምስር የሚያክል ብታገኚም አትጠብቂ። ከመንጋጋዋ ሥርና ከጉልበቷ ኋላ በሁለቱም ወገን ያበጠ ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) ካለም በዚያው ሳምንት ውሰጃት። ከብልቷ ደም የሚያንጠባጥብ፣ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ ካየሽ በግንኙነት የሚተላለፈው የውሻ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ በሚሰጥ ቪንክሪስቲን በሚባል የካንሰር መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ይድናል።

ፊቷ በድንገት አብጦ ትንፋሽ ካጠራት ግን ንብ ነድፏት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደቂቃ ሳትቆዪ ውሰጃት። የሰው ማስታገሻም አትስጪ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራዋን ያደማሉ፣ ኩላሊቷን ይጎዳሉ።

የቡቺ እናት፦
ቅዳሜ እወስዳታለሁ። ሳትበላ ትሂድ?

ክሊኒክ ረዳት፦
ለመርፌው ብቻ ከሆነ ትብላ። የምትናከስ ከሆነ ግን ማረጋጊያ ሊወጉላት ስለሚችል ጠዋት ምግብ አትስጫት፤ ውሃ አትከልክያት። የአፍ ማሰሪያና የክትባት ካርዷን ያዢ።