ነገ ማታ በረራ አለኝ፤ ፓስፖርቴ አራት ወር ስለቀረው አያሳፍሩኝም ይሆን?

መንገደኛ 31 (ጠያቂ)፦ ውድ አባላት፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ በረራዬ ነገ ማታ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ቼክ ኢን ለማድረግ ስሞክር «የጉዞ ሰነድዎ በካውንተር መረጋገጥ አለበት» የሚል መልእክት መጣና ቦርዲንግ ፓስ ሳላገኝ ቀረሁ። አየር መንገዱ ጋ ደውዬ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ የፓስፖርቴን ማብቂያ ጠየቀችኝ፤ አራት ወር እንደቀረው ስነግራት «ስድስት ወር ከሌለው ላያሳፍሩዎት ይችላሉ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛዬ ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ የምቆየውም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የማልፈው በፍራንክፈርት በኩል ነው። ቪዛ እያለኝ እንዴት ይከለክሉኛል?

ቀድሞ አሳቢ፦ የፓስፖርት ማብቂያ ቀን ከፎቶግራፉ አጠገብ በግልጽ ተጽፎ ሳለ፣ ሰው ቲኬት ከመግዛቱ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ገልጦ አለማየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፓስፖርት አንድ ዓመት ሲቀረው ማሳደስ የመንገደኛው ኃላፊነት ነው። ደግሞም ወደ ሸንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ለመግባት ፓስፖርቱ ከዚያ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው፣ የወጣውም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። እነዚህን ደንቦች አስቀድሞ ያነበበ ሰው በመጨረሻው ሌሊት አይጨነቅም።

አሮጌ ሻንጣ፦ ካላሳፈሩዎት ያሳፍሩዎታል ማለት ነው። ይቅርታ፣ ቃሉ ራሱ ነው የጋበዘኝ። ለማንኛውም ስድስት ወር ያስፈልጋል፤ አስቸኳይ እድሳት ይጠይቁ።

የቀድሞ የካውንተር ሠራተኛ፦ ለብዙ ዓመታት ካውንተር ላይ ሰነድ ስመረምር ኖሬአለሁና ጥቂት ልበል። የስድስት ወሩ ደንብ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካ በመርሕ ደረጃ ፓስፖርቱ ከቆይታው ማብቂያ በኋላ ስድስት ወር እንዲኖረው ትጠይቃለች፤ ሆኖም ከብዙ አገሮች ጋር ስምምነት ስላላት የእነዚያ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው መንገደኞች ፓስፖርታቸው ለቆይታቸው ጊዜ ብቻ የጸና ቢሆን ይበቃቸዋል። የአገሮቹን ዝርዝር የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የየትኛው አገር ፓስፖርት እንደያዙ ስላልጻፉ ከዚህ ሆኜ ልወስንልዎ አልችልም፤ ዝርዝሩን ከፍተው የአገርዎን ስም ይፈልጉ፣ ካገኙትም አትመው ይያዙ። የካውንተሩ ሠራተኛ የሚያየው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሚያዘጋጀውን ቲማቲክ የተባለውን፣ የየአገሩን የጉዞ ሰነድ ደንብ የያዘ የመረጃ ቋት ነው። ስለዚህ በትሕትና «ቲማቲክ ላይ የእኔን ፓስፖርት አስገብተው ይዩልኝ» ቢሉ፣ በስልክ ከተነገረዎት ግምት የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ጠበቃ ያልሆንኩ፦ እኔ ደግሞ «ቪዛ እያለኝ እንዴት ይከለክሉኛል?» በሚለው አነጋገር አልስማማም። ቪዛ ማለት ድንበሩ ድረስ ሄዶ መግቢያ ለመጠየቅ የሚያስችል ፈቃድ ነው እንጂ የመግቢያ ዋስትና አይደለም፤ ማስገባትና አለማስገባት በድንበሩ መኮንን እጅ ነው። አየር መንገዱም ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ጭኖ ከሄደ በራሱ ወጪ ይመልሰዋል፣ በብዙ አገሮችም ይቀጣል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ልታስቸግርዎ ብላ ሳይሆን ድርጅቷን ለመጠበቅ ብላ ነው የተናገረችው።

አሮጌ ሻንጣ፦ እንደገና እላለሁ፦ አስቸኳይ እድሳት። አዲሱ ፓስፖርት ሲወጣ ቪዛው ያለበትን አሮጌውን አብረው ይያዙ።

የቀድሞ የካውንተር ሠራተኛ፦ ሁለቱን አብሮ መያዙ ትክክል ነው። ፓስፖርቶቹ የአንድ አገርና የአንድ ዓይነት እስከሆኑ፣ ቪዛውም እስካልተበላሸ ድረስ አሜሪካ በአሮጌው ፓስፖርት ላይ ያለውን ቪዛ ትቀበላለች። ቪዛውን ልጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እንዲህ ያደረገ መንገደኛ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቪዛውን በገዛ እጁ ነው ያበላሸው። ይሁን እንጂ በረራው ነገ ከሆነ እድሳቱ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

መንገደኛ 31 (ጠያቂ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዝርዝሩን አየሁት፣ አገሬ አለችበት! እፎይ ብያለሁ። ፍራንክፈርት ላይ የአምስት ሰዓት ቆይታ አለኝ፤ እዚያ ሻንጣዬን ተቀብዬ ለሁለተኛው አየር መንገድ እንደገና አስረክባለሁ፤ ሁለቱን ቲኬቶች ለየብቻ የገዛሁት በዋጋ ስለሚሻል ነበር። ከዚህ በኋላ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ነው?

ቀድሞ አሳቢ፦ ለትራንዚት የአየር ማረፊያ ቪዛ ያስፈልጋል። ይህም አስቀድሞ መነበብ የነበረበት ጉዳይ ነው።

በር ቁጥር 12፦ ወንድሜ፣ እስካሁን የተወያየነው ስለ ፓስፖርቱ ነበር፤ ዋናው ችግርዎ ግን አሁን በቅንፍ ያህል ጣል ያደረጉት ይህ የሁለት ቲኬት ነገር ነው። በመጀመሪያ «ቀድሞ አሳቢ» ያሉትን ላርም፦ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁት የተወሰኑ አገሮች ዜጎች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ይዞ ወደዚያው የሚጓዝ ሰው ነፃ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ከትራንዚቱ ክልል ላልወጣ ሰው ነው። ሻንጣ ለመቀበል ደግሞ የፓስፖርት ቁጥጥሩን አልፎ ጀርመን መግባት ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ትራንዚት መንገደኛ ሳይሆኑ ወደ ሸንገን የሚገቡ እንግዳ ነዎት፣ ዜግነትዎ ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነም የአሜሪካው ቪዛ አያስገባዎትም። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የሦስት ወር ደንብም የሚመለከትዎ ያኔ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለቱንም አየር መንገዶች ደውለው፣ ሻንጣው በቀጥታ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ታግ ሊደረግ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አይቻልም ካሉ የሚጫነውን ሻንጣ ትተው በእጅ በሚያዝ ብቻ ይሂዱ፤ የሁለተኛውን በረራ ቦርዲንግ ፓስ ከመነሳትዎ በፊት ያውጡ፣ በኢንተርኔት እምቢ ካለም ፍራንክፈርት ላይ ከትራንዚቱ ክልል ሳይወጡ በትራንስፈር ካውንተር መስጠት ይችሉ እንደሆነ አየር መንገዱን ይጠይቁ። ለመጀመሪያው አየር መንገድ ሁለተኛውን ቲኬት ሳይጠየቁ ያሳዩ፤ ካላሳዩ መዳረሻዎ ፍራንክፈርት መስሎ ይታያቸዋልና የሸንገን ቪዛ ይጠይቁዎታል።

አሮጌ ሻንጣ፦ በስሜ እየመጣችሁብኝ ነው፤ ለካ ጥፋተኛው ሻንጣ ኖሯል።

ጠበቃ ያልሆንኩ፦ በአንድ ቦታ ማስያዣ ሁለቱን በረራዎች መግዛት ትንሽ ቢወደድም ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ለየብቻ ሲገዙ ግን አንዱ ቢዘገይ ሌላው ሊያመልጥዎት ይችላል።

መንገደኛ 31 (ጠያቂ)፦ ሁለተኛው አየር መንገድ «ሻንጣ አናገናኝም» አለኝ። ያለ ሻንጣ ልሄድ ወስኛለሁ። የትራንስፈር ካውንተሩን ጉዳይ ግን ከአየር ማረፊያው ስልክ የሚያነሳ ሰው ስላጣሁ አላረጋገጥኩም። አሁን ልብሴን እየቀነስኩ ነው።

በር ቁጥር 12፦ የመመለሻ ቲኬትዎንና የሚያርፉበትን አድራሻም በወረቀት ይያዙ፤ ስልክዎ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።

የቀድሞ የካውንተር ሠራተኛ፦ ሁለት ቀን አለፈ። ተሳፈሩ ወይ?