ክርክር፦ የዴስክቶፕ አፕ በብራውዘር ኮድ ላይ ይሠራ ወይስ አይሠራ?

አወያይ፦ ስላክ፣ ዲስኮርድ፣ ሲግናል ዴስክቶፕ፣ ቪኤስ ኮድ ሁሉም ኤሌክትሮን (የዴስክቶፕ አፕ በዌብ ኮድ መሥሪያ) ላይ የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ አፕ ሙሉ ክሮሚየም (ክሮም የተሠራበት ብራውዘር) ከነኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) በውስጡ ይዞ ይጫናል ማለት ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሶፍትዌርም በዚሁ ይሠራ የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

የሊኑክስ ልጅ፦ አልስማማም። 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ሦስት እንዲህ ያለ አፕ ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ይንፏቀቃል፤ ሦስት ብራውዘር ከፈታችሁ ማለት ነዋ። ማውረዱም ዳታ ይበላል።

ኮደሯ፦ ወንድሜ፣ አማራጩን ንገረኛ። ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስ ለየብቻ ቡድን የሚቀጥር ማን አለ? እኛ ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዴ ጽፈን ሦስቱም ላይ ይሠራል። ፊደላችንንም አስብ፦ የግዕዝ ፎንቱን ከአፑ ጋር ስልከው በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን የሚያይ ሰው አይኖርም።

አይቲ ድጋፍ፦ ራም ላይ ብቻ መከራከራችን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሊብዌብፒ በሚባለው፣ ክሮሚየምም በሚጠቀምበት ምስል የሚከፍት ኮድ ውስጥ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኘ፤ መለያው ሲቪኢ-2023-4863 ነው። ማስተካከያው ሳይወጣ አጥቂዎች ይጠቀሙበት ነበር። ክሮም ራሱን አዘመነ፣ ተጠቃሚው ተገላገለ። የኤሌክትሮን አፖች ግን የየራሳቸውን ክሮሚየም ስለያዙ የክሮም መዘመን ምንም አይጠቅማቸውም። መጀመሪያ ኤሌክትሮን ማስተካከያውን ያወጣል፣ ቀጥሎ የአፑ ባለቤት አፑን በአዲሱ ኤሌክትሮን እንደገና ገንብቶ (ቢልድ አድርጎ) ይለቃል፣ በመጨረሻ ተጠቃሚው ያወርዳል። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ክፍተቱ እዚያው ነው። ስላክ ለዚህ የሚከፈለው ሰው አለው፤ አስረክቦ የሄደ ኮንትራክተርስ? ኤሌክትሮን በየ8 ሳምንቱ አዲስ ዋና ስሪት ያወጣል፣ የሚደግፈው የመጨረሻዎቹን ሦስት ብቻ ነው። ግማሽ ዓመት ያልተነካ አፕ ድጋፍ የሌለው ብራውዘር ይዞ ተቀምጧል።

ኮደሯ፦ ያልተዘመነ ኮድ በጃቫም በሲሻርፕም አደገኛ ነው።

አይቲ ድጋፍ፦ ልክ ነሽ፤ ግን የተሸከምሽው መጠን ይለያያል። አፕሽ አንድ የመመዝገቢያ ፎርም ቢሆንም እንኳ ቪዲዮ የሚከፍተው፣ ምስል የሚፈታው፣ ጥሪ የሚያገናኘው ኮድ ሁሉ አብሮ ይመጣል።

የሊኑክስ ልጅ፦ ታውሪ የሚባለው የኤሌክትሮን አማራጭስ? ሲስተሙ ላይ ያለውን ዌብቪው (አፕ ውስጥ ዌብ ገጽ የሚያሳየውን ክፍል) ነው የሚጠቀመው። ዊንዶውስ ላይ ዌብቪው2ን የሚያዘምነው ማይክሮሶፍት ነው። የማይክሮሶፍት ቲምስም እ.ኤ.አ. በ2023 ከኤሌክትሮን ወጥቶ ወደዚያ ዞሯል።

ኮደሯ፦ ታውሪ ማክና ሊኑክስ ላይ በዌብኪት (በሳፋሪ ብራውዘር ሞተር) ነው የሚሄደው፤ ዊንዶውስ ላይ አምሮ የወጣ ገጽ እዚያ ሊበላሽ ይችላል። ሦስቱንም መፈተሽ አለብኝ፣ የሸሸሁት ደግሞ እሱን ነው። የዝማኔውን ነገር ግን አልክድም። በየወሩ ለዝማኔ ክፈሉ ብል የሚፈርም ደንበኛ አለ ወይ?

አይቲ ድጋፍ፦ ካልፈረመ በብራውዘር የሚከፈት ሥሪለት፤ ክሮሙን ወይም ኤጁን ማዘመን ያንቺ ሥራ አይሆንም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲሠራ ገጹን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍተው ሰርቪስ ወርከርና ዳታውን ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ኢንዴክስድዲቢ አለልሽ። ለመሆኑ አፕሽ የሚያዘው ዕቃ አለ?

ኮደሯ፦ የባርኮድ ማንበቢያና የደረሰኝ ማተሚያ።

አይቲ ድጋፍ፦ አብዛኛው ማንበቢያ እንደ ኪቦርድ ስለሚጽፍ ብራውዘር ውስጥ ያለ ችግር ይሠራል። የቀረሽ ማተሚያው ነው። ለእሱ ማሽኑ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ለብቻዋ ጻፊለት፤ ለአንድ ማተሚያ ብለሽ ሙሉ ክሮሚየም አትሸከሚ።