የልጄ የዓይን ቆብ ሲወለድ ጀምሮ ወርዷል፤ ኦፕራሲዮኑ መቼ ይሁን?

የቡሬዋ
ሰላም ናችሁ? ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የግራ ዓይኑ ቆብ ሲወለድ ጀምሮ የወረደ ነው፤ ብሌኑን ግማሽ ያህል ይሸፍንበታል። ከፍ ያለ ነገር ሊያይ ሲል አገጩን ቀና አድርጎ ቅንድቡን ይሰቅላል። የሚገርመው ጡት ሲጠባ ቆቡ ብድግ ብድግ ይላል። አማቴ ቡዳ ነው ብላ ጠበል አስጠምቀነዋል። ጤና ጣቢያ ደግሞ «ትንሽ ይደግ» አሉኝ። ባሌም «መልክ ነው እንጂ ምን ያስቸኩላል» ባይ ነው። ያሠራችሁ ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ጣና ዳር
አይዞሽ እህቴ፣ አትጨነቂ። የአክስቴ ልጅ እንደዚያው ነው፣ ሳይሠራ አድጎ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ሕፃን ልጅ ማደንዘዣ ምን ያስወጋዋል?

ነርሷ ከማርቆስ
ጣና ዳር፣ የአክስትህ ልጅ እድለኛ ነው። ሁሉም እንደሱ አይሆንም። የዓይን ክፍል ነው የምሠራውና ትንሽ ላብራራ።

ይሄ ቡዳም ምችም አይደለም። ቆቡን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ከጽንስ ጀምሮ በደንብ አልተሠራም። ዋናው ጉዳይ ግን መልኩ አይደለም። የሕፃን አንጎል ማየትን የሚማረው በነዚህ ዓመታት ነው፤ የተሸፈነው ዓይን ጥርት ያለ ምስል ካልደረሰው አንጎል ይተወዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ቆቡ ቢነሳም ያ ዓይን ደካማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብሌኑ ባይሸፈን እንኳ መነጽር የሚፈልግ ችግር አብሮ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ምርመራው አሁን ነው። ኦፕራሲዮኑ ብሌኑ ክፍት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ይሠራል፤ እይታውን ከጋረደው ግን ቀደም ይላል።

ሐኪሙ ቆቡ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ጡንቻው የተወሰነ አቅም ካለው ያሳጥሩታል። እንቅስቃሴው ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን ቆቡን ከግንባር ጡንቻ ጋር ያያይዙታል፣ በሲሊኮን ወይም ከጭኑ በሚወሰድ ጅማት። ሲጠባ ብድግ ማለቱን ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ፤ የመንጋጋው ነርቭ ከቆቡ ጋር ተጠላልፎ ነውና የሚመርጡትን አሠራር ይለውጠዋል።

የሞጣው አባት
የኔዋ ልጅ ተሠርታለች፣ ተመስገን። ግን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ስትተኛ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ አይከደንም። ሌሊት ቅባት ካልተደረገ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ሚስቴ ስታያት «ሞተች ወይ» ብላ ጮኸች እኮ! ደግሞ በኦፕራሲዮኑ አላበቃም፤ መነጽር አድርጋ ጤነኛውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት እንሸፍንባታለን፣ የደከመው እንዲሠራ። ከቆቡ ይልቅ ያ ነው ያታገለን፤ እየነጨች ትጥለዋለች። ቆቡ እንደገና ሊወርድ እንደሚችልም አስቀድመው ነግረውናል።

የቡሬዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለባሌ አነበብኩለት፣ ዝም አለ። ወዴት ልሂድ ታዲያ? የጤና መድህን አለን።

ነርሷ ከማርቆስ
በመድህን ከሆነ ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አጽፊ፣ ያለሱ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። «ይደግ» ካሉሽ «ብሌኑን ሸፍኖታል» በያቸው። የሕፃናት ዓይን ሐኪም ካልተገኘ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ይልኩሻል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቆቡ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚወርድ፣ ወይም የሁለቱ ብሌኖች መጠን የሚለያይ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ።