ባለ ፊሌቶ ዘንግን ያለ ግራይንደር መቁረጥ፤ ዳዶው ሳይነክስ እንዲገባ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለቤቴ ሁለት የመጻሕፍት መደርደሪያዎችን እየሠራሁ ነው። እያንዳንዱ መደርደሪያ ሦስት ጣውላ ያለው ሲሆን፣ ጣውላዎቹን በአራቱም ማዕዘን የሚያያይዙት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊሌቶ (እንደ ብሎን ዙሪያውን የሚጠመዘዝ ጥርስ) የወጣላቸው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዘንጎች ናቸው። እያንዳንዱን ጣውላ ከላይም ከታችም በሮንዴላ (ቀዳዳ ባለው ክብ ዝርግ ብረት) እና በዳዶ (በፊሌቶው ላይ እየዞረ በሚጠብቅ ብረት) ስለማጠብቀው፣ በጠቅላላው 48 ዳዶ በእነዚህ ዘንጎች ላይ ያለ ችግር መሄድ ይኖርበታል።

የገዛሁት 1 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሦስት ዘንጎች ነው። እያንዳንዱን ለሦስት፣ 33 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ብቆርጠው ዘጠኝ ቁራጭ ይወጣል፤ የሚያስፈልገኝ ስምንት ነው። ትናንት የመጀመሪያውን ዘንግ በፒንሳ ይዤ፣ ቤት ውስጥ በነበረ አሮጌ ሴጌቶ (የእጅ ብረት መጋዝ) ቆረጥሁት። ጫፉ ተንጋደደ፣ ፒንሳው የያዘበት ቦታ ላይ ፊሌቶው ተጨፈለቀ፣ ዳዶውም አንድ ዙር እንኳ ሳይሄድ ነከሰ። ስለዚህ ትርፍ የነበረችው አንዷ ቁራጭ ተበላሽታለች፤ ከእንግዲህ አንድም ማበላሸት አልችልም።

ግራይንደር የለኝም። የምኖረው በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ድምፁንም ፍንጣሪውንም ለጎረቤት ማድረስ አልፈልግም። ያለኝ ሴጌቶ፣ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ የእጅ መሰርሰሪያና ሁለት ሞርሴቶ (ዕቃን ከጠረጴዛ ጋር አጥብቆ መያዣ) ነው። በዚህ መሣሪያ ንጹሕ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል ወይ? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የብረታ ብረት አስተማሪ

ይቻላል፣ ያውም በደንብ። ዘንጉን ያበላሸው ከሴጌቶው ይልቅ ፒንሳው ነው። የፊሌቶ አናት ስስ ስለሆነ የፒንሳ መንጋጋ ሲያርፍበት ወዲያው ይተኛል፤ የተኛ ፊሌቶ ደግሞ ዳዶ አያሳልፍም። ባለ ፊሌቶ ዘንግ በምንም ዓይነት ራቁቱን በፒንሳም ሆነ በሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ በሚታሰር የብረት መንጋጋ) አይያዝም።

ከመቁረጥዎ በፊት ደህና ዳዶዎችን በዘንጉ ላይ ያስገቡ። ሁለቱን እንዲቀር በሚፈልጉት ክፍል ላይ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት በመፍቻ አጥብቀው ያቆላልፏቸው፤ ሞርሳ ካለ የሚያዘው የዳዶዎቹ ጠፍጣፋ ጎን ነው፣ ዘንጉም አይዞርም። ሦስተኛ ዳዶ ደግሞ ከሚቆረጠው መስመር አጠገብ ይተዉ፤ እርሱ የሚጠቅምዎ ከተቆረጠ በኋላ ሲሆን፣ በአዲሱ ጫፍ በኩል ሲወጣ የተጎዳውን የፊሌቶ መጀመሪያ አቃንቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ከውጭ ዳዶ ለማስገባት ይታገላል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመጣ ዳዶ ግን ደህናውን ፊሌቶ ይዞ ስለሚጓዝ መንገዱን አይስትም።

ስለ ምላጩ፤ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለውን አዲስ ምላጭ ይግዙና ጥርሶቹ ወደፊት፣ ማለትም ከእጅዎ ራቅ ብለው እንዲያዩ አድርገው በደንብ ወጥረው ይግጠሙት። ሲገፉ ይጫኑ፣ ሲመልሱ ያቅልሉ፤ በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ምት በቂ ነው፤ የምላጩንም ሙሉ ርዝመት ይጠቀሙ። አጭር አጭር ምት መሃሉን ብቻ ይበላዋል።

የተንጋደደብዎት ጫፍ ምክንያት አለው። ምላጩ ከፊሌቶው አናት ተንሸራቶ በሁለት አናቶች መካከል ወዳለው ሸለቆ ይገባና ሸለቆውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሸለቆው ግን ዘንጉን እየዞረ የሚወጣ በመሆኑ በባለ 10 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው። እጅዎ ቀጥ ብሎ እየገፋ ሳለ ምላጩ በዚያ ይጀምራል ማለት ነው። መድኃኒቱ፣ የማይሳሱላቸውን ሁለት አሮጌ ዳዶዎች በመስመሩ ግራና ቀኝ አምጥቶ በመካከላቸው ምላጩ ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነው። የዳዶው ፊት ለዘንጉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ምላጩን ይመራዋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ምቶች በቀስታ ይጀምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ምላጩ በመሃል ቢሰበር፣ አዲሱን በተጀመረው ስንጥቅ ውስጥ አያስገቡት። የአዲስ ምላጭ ጥርሶች ግራና ቀኝ የተከፈቱ ስለሆኑ አሮጌው የሠራው ስንጥቅ ይጠብበውና ይነክሰዋል፤ ዘንጉን ገልብጠው ከተቃራኒው ወገን ይጀምሩ።

መልስ፦ የቧንቧ ሠራተኛ

መምህሩ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ቧንቧ ከኮርኒስ በላይ የምሰቅለው በዚህ ዘንግ ነው፤ ሞርሳ ተሸክሞ መሰላል ላይ መውጣት አይቻልምና የምጠቀምበትን ላካፍልዎ።

ጠንካራ እንጨት ያግኙ፤ ባሕር ዛፍ ይሆናል። በመሃሉ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ከዚያ እንጨቱን ከአንዱ ጫፍ ጀምረው ቀዳዳውን ለሁለት ከፍሎ እስኪያልፍ ድረስ በመጋዝ ይሰንጥቁት፤ ነገር ግን ሌላኛውን ጫፍ አይቁረጡት፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ተያይዞ ይቅር። ዘንጉን በቀዳዳው አስገብተው እንጨቱን በሞርሴቶ ከጠረጴዛ ጋር ሲያስሩት ስንጥቁ ይገጥማል፣ እንጨቱም ዘንጉን ዙሪያውን እኩል ይይዘዋል። እንጨት ብረትን ስለማይጎዳ ፊሌቶው እንደነበረ ይወጣል። ሁለተኛውን ሞርሴቶ ለሚቆረጠው ወገን ድጋፍ ያድርጉት፤ የሚቆረጠው ክፍል ተንጠልጥሎ ከቀረ በመጨረሻው ምት በራሱ ክብደት ይታጠፍና ጫፉ ላይ ምላስ የመሰለ ብረት ይተዋል።

መልስ፦ የጋራዥ ባለሙያ

እኔ በግራይንደር እንጂ በሴጌቶ አልቆርጥም፤ በ1 ሚሊ ሜትር ዲስክ አንድ ዘንግ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ነገር ግን ለጠያቂው ሁኔታ ሴጌቶ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግራይንደር ጫፉን ያግለዋል፣ የዚንክ ልባሱንም ያቃጥለዋል፣ ከተቆረጠ በኋላም ቢሆን ያው ሞረድ ያስፈልጋል። ትልቁን የብረት መቀስ ግን ማንም እንዳይሞክር። እርሱ ዘንጉን ከሁለት ወገን ጨፍልቆ ስለሚለያየው ጫፉ እንደ ጣራ ክዳን ሹል ሆኖ ይቀራል፤ እሱን ለማስተካከል የሚሞረደው ብረት ሲቆረጥ ከሚባክነው ይበልጣል።

ዘንጉ የማይዝግ ብረት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ምላጩ ሳይቆርጥ በላዩ ላይ ቢንሸራተት ብረቱ በዚያ ቦታ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ዝግ ባለና በማያቋርጥ ጫና ይቁረጡ፣ ዘይትም አይለየው። የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ዘንግ ላይ በደረቁ በኃይል ቢዞር ሊጣበቅና ጨርሶ ላይወጣ ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘንጉ የማይዝግ ሳይሆን ነጣ ያለ ዚንክ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባለ 24 ጥርስ ምላጭ ገዝቼ፣ የቧንቧ ሠራተኛው የገለጹትን እንጨት ሠርቼ ሁለተኛውን ዘንግ ቆረጥሁ። ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ውስጥ የነበረውን ዳዶ ወደ ጫፉ ሳመጣው ግን የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርስ ያዘኝ፤ አስገድጄ ላውጣው ወይስ ልተወው ብዬ አቆምሁ። ጫፉን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ስመለከተው፣ ፊሌቶው በተቆረጠበት ቦታ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ወደ ሸለቆው የታጠፈ ብረት አለ። መካከለኛው ቁራጭ ደግሞ ሁለቱም ጫፎቹ በእኔ የተቆረጡ ስለሆኑ በዚያኛውም ወገን ይኸው ችግር ይጠብቀኛል።

መልስ፦ የብረታ ብረት አስተማሪ

በጊዜው በማቆምዎ ዳዶውንም ዘንጉንም አትርፈዋል። ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱትና በመጀመሪያ ጫፉን ይሞርዱ።

ጠፍጣፋውን ሞረድ ይዘው የተቆረጠውን ፊት ያስተካክሉ። ቀጥሎ ሞረዱን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብለው፣ ዘንጉን በግራ እጅዎ ቀስ እያሉ እያዞሩ ጠርዙን ዙሪያውን ያጉድሉት። እስከ የት ድረስ ለሚለው፣ የባለ 10 ሚሊ ሜትር ፊሌቶ ጥልቀት 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የተሞረደው ጠርዝ ከሸለቆው ወለል ዝቅ እስኪል፣ ማለትም ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ እስኪበልጥ ይሞርዱ። በዚያን ጊዜ ያ ወረቀት የመሰለ ብረት አብዛኛው አብሮ ይሄዳል።

የሚቀረው ወደ ሸለቆው የታጠፈው ጫፍ ነው። ለእርሱ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይግዙ። የዚህ ሞረድ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪክ ፊሌቶም ማዕዘን 60 ዲግሪ ስለሆነ ሞረዱ በሸለቆው ውስጥ ልክ ይቀመጣል። ፊሌቶው የሚጀምርበትን ቦታ ፈልገው፣ የሸለቆውን አካሄድ ተከትለው ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ይግፉ። ከዚያ በላይ መሞረድ ደህናውን ይበላል።

አሁን ዳዶውን ከማውጣትዎ በፊት የብረቱን ፍቅፋቂ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርገው ያስወግዱ፤ አንዲት ፍቅፋቂ ዳዶው ውስጥ ከገባች የሠሩትን ሁሉ ታበላሻለች። አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉና ዳዶውን ያምጡት፤ ከያዘ ግማሽ ዙር መልሰው እንደገና ወደፊት ይሂዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካስወጡና ካስገቡት በኋላ በጣት ብቻ ይዞራል።

ከውጭ ሲያስገቡ ደግሞ መጀመሪያ ዳዶውን ወደሚፈታበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ግራ ያዙሩት። የሁለቱ ፊሌቶ መጀመሪያዎች ሲገናኙ ዳዶው ቀጭ ብሎ ዝቅ ይላል፤ በጣትዎም በጆሮዎም ያውቁታል። ልክ በዚያ ቅጽበት ወደ ቀኝ ቢያዞሩት ተጣሞ አይገባም።

የመጀመሪያው ዘንግ ቀሪ ክፍል 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የተንጋደደውን ጫፍ ሞርደው ሁለት ቁራጭ ያወጡበታል፤ ያለዎት ትርፍ ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አንድ የሴጌቶ ስንጥቅ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፣ ሞረዱም ከእያንዳንዱ ጫፍ ጥቂት ያነሳል፤ ስለዚህ ይህን ዘንግ በመጨረሻ፣ እጅዎ ከለመደ በኋላ ይቁረጡት።

የቆረጡት ጫፍ ዚንኩ የተነሳበት ራቁት ብረት ነው። ቤት ውስጥ ላለ መደርደሪያ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) አንድ ጊዜ መቀባት ይበቃዋል፤ ነገር ግን የሚቀባው ዳዶዎቹ ሁሉ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው፣ ቀለሙ ሸለቆውን ይሞላዋልና።

ጠያቂው

ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሞረድ ዛሬ ጠዋት አገኘሁ። እንዳሉኝ አድርጌ ዳዶውን ወደ ግራ ሳዞረው ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጣት ብቻ ሄደ። ስድስት ቁራጭ ተዘጋጅቷል፣ የቀሩት ሁለቱ ከዚያ ከመጀመሪያው ዘንግ የሚወጡት ናቸው። እነርሱን ነገ እቆርጣለሁ።