እናቴ ጉሊት ላይ በቴሌብር ስትሸጥ ተታለለች፤ ትተወው ወይስ መላ አለው?

የጉሊት ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። «ቴሌብር አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» ካለች የመዘነችውን ጥለውባት የሚሄዱ ስለበዙ በእኔ ግፊት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ የ480 ብር ዕቃ አስመዝኖ «ላክሁ» ብሎ ስልኩን አሳይቷት ሄደ። ማታ ስናየው ምንም አልገባም። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ትለያለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ደግሞ ዕቃ የምታመጣበት ጅምላ ነጋዴ ከካሽ ውጪ አይቀበልም። «ስልክ ውስጥ ያለ ብር ምን ይሠራልኛል?» ትለኛለች።

እቴቴ ሱቅ
አይዞሽ፣ እኔም ተበልቻለሁ። የገዢውን ስልክ ከናካቴው አትመልከት በያት፤ የድሮ ደረሰኝ ይሁን ፎቶ በምን ታውቃለች? ብር ከገባ የሚጮኸው የራሷ ስልክ ነው፤ መልእክቱም ከ127 ነው የሚመጣው። ከሌላ ስልክ ቁጥር «ብር ደርሶዎታል» ቢላት ውሸት ነው። ለዚህ ፊደል አያስፈልጋትም፤ ላይ 127 መኖሩን፣ ውስጡ የሸጠችበትን ዋጋ ማየት ነው። አክስቴን ያስለመድኳት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አምስት አምስት ብር እየላክሁላት ነው። መሀል ላይ ከሌላ ስልክ የውሸት መልእክት እልክባታለሁ። በሦስተኛው ቀን «ይቺ ያንቺ ተንኮል ናት» ብላ ሳቀችብኝ። መልእክቱ ከዘገየ *127# ብላ ቀሪ ሒሳቧን ትመልከት፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ጭራሽ ከጠፋ ካሽ ትጠይቅ። እንግዳ ሰው አፍሮ መሸኘት ነው ያስበላን።

የአቃቂ ወኪል
ሲሙ በማን ስም ነው? ስንት እናት በሰው ስም በወጣ ሲም ሲሠሩ ቆይተው ስልኩ ሲጠፋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። ስድስት አሃዝ የምስጢር ቁጥሯን ለእኔ ለወኪሉም ቢሆን እንዳትናገር። «በስህተት ልኬብሽ ነው፣ መልሺልኝ» ብሎ የሚደውል ካለ ሒሳቧን ሳታይ አንዲት ብር አትመልስ።

የጉሊት ልጅ
ጉድ! ሲሙ በእኔ ስም ነው። እናስተካክላለን። የጅምላውስ ነገር? በየቀኑ ወኪል ጋ ማውጣት እኮ ይቆረጥበታል።

ባለባጃጁ
እህቴ፣ የእኔ ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በካሽ አይቀዳም፤ ተሳፋሪዬ ግን የሚሰጠኝ ዝርዝር ብር ነው። ቀኑን ሙሉ ካሽ ለቅሜ ማታ ስልኬ ላይ ለማስገባት ወኪል ጋ እሰለፍ ነበር። አሁን ከሰፈሬ እንጀራ ሻጭ ጋር ተስማምተናል። ማለዳ እሷ በቴሌብር ትልክልኛለች፣ እኔ ካሹን እቆጥርላታለሁ። እሷ ወደ ገበያ፣ እኔ ወደ ማደያ።

የአቃቂ ወኪል
እንግዲህ እኔን ከእንጀራዬ ልታፈናቅሉኝ ነው! ግን ያዋጣል። በደንብ ከምታውቁት ሰው ጋር፣ በአንድ ቀን ወጪ ልክ ብቻ ይሁን። መልእክቱ ሳይገባም ካሽ አይሰጥ።

ሒሳብ ሹሙ
አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 የጀመረው «መላ» የተባለው ብድር ቤት ወይም መኪና አስይዙ አይልም፤ የስልኩን የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው የሚያየው። ለበዓል ሰሞን ዕቃ ማስገቢያ ከአራጣ አበዳሪ ይሻላል።

እቴቴ ሱቅ
ኧረ ብድሩ ይቆይ! መጀመሪያ 127ን ትልመድ። ሲመጣም የአገልግሎት ክፍያውንና የመመለሻ ቀኑን ሳታነቢላት እንዳትነካው።

የጉሊት ልጅ
ከስድስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። በፋይዳ መታወቂያዋ በራሷ ስም ሲም አወጣን። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ሁለት ቀን የቴሌብር ብሯን በካሽ ለውጦላታል። ትናንት አንዱ ደንበኛ ስልኩን ሊያሳያት ሲል «ያንተን ኪስህ ክተተው የኔ ልጅ፣ የኔዋ እስክትጮህ ቆይ» አለችው። ዕቁቧን ግን አሁንም በካሽ ነው የምትጥለው፤ ሰብሳቢዋ «በእጄ ያልቆጠርኩትን ብር አልመዘግብም» ብለዋል።